ሽፋኑ ላይ ያለውን እንዳለ

ሱሀይር ሰው ቶሎ አታምንም። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላት ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ ታረጋግጣለች፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ከነገሯት ደግሞ «ተደዋውለው ነው» ትላለች። ይህ ጠባይዋ ደህና ደህና ፈላጊዎችን አባሮባታል። ሥራዋን ያገኘችው ግን በዚሁ ጠባይዋ ነው።

የድሮ ካሴቶችን ኢንተርኔት ላይ የሚመዘግብ አንድ ዳታቤዝ አለ፤ እሷ ከመዝጋቢዎቹ አንዷ ናት። ካሴቱን በእጇ ይዛ ዘፋኙን፣ ያሳተመውን ሙዚቃ ቤት፣ የወጣበትን ዓመት፣ የተጫዋቾቹን ስም፣ በሁለቱም ገጽ ያሉትን ዘፈኖች በየሳጥናቸው ታስገባለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን፣ እንዳለ። ሰው የነገረሽ አይገባም፣ ራዲዮ ላይ የሰማሽው አይገባም፣ አንቺ በልብሽ የምታውቂው ጭራሽ አይገባም። ዓመቱም የእኛው ለብቻው፣ የፈረንጁ ለብቻው ይጻፋል። ድሮ እንደመጣላቸው ሲቀላቅሉት አንዱ ዘፋኝ ገና ሳይወለድ ካሴት አውጥቶ ተገኝቷል። ለሱሀይር ይህ ሕግ እንደ ዘመድ ነበር፤ ማንንም ማመን አይጠይቅማ።

ግን ለማንም ያልተናገረችው የራሷ ጉዳይ ነበራት። አባቷ ፈርሀት ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ ሳለች አንድ ቀን እጇን ይዞ አብነት ሰፈር ታክሲ ሲጠብቁ፣ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ከተደቀነ ድምፅ ማጉያ የማሙሸት ዘፈን ተለቀቀ። ማሙሸት ያኔ ስሙ የገነነ የጉራግኛ ዘፋኝ ነው። አባቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። ታክሲ መጣ፤ አልገባም። ሌላ መጣ፤ አልገባም። ዘፈኑ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ «ይሄ አኮርዲዮን እኔ ነኝ» አላት በጆሮዋ። ወዲያው ደንግጦ ግራ ቀኙን አየና «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብሎ ከረሜላ ገዛላት። ከዚያ ወዲያ ዳግም አንስቶት አያውቅም። እሷም ለማንም ትንፍሽ ሳትል አደገች።

ሥራውን እንደጀመረች መጀመሪያ የከፈተችው የማሙሸትን ገጽ ነው። ካሴቱ በስም ብቻ ተመዝግቧል፤ ሽፋኑን ያየ መዝጋቢ ስላልነበረ የተጫዋቾቹ ቦታ ባዶ ነው። የአባቷን ስም አኮርዲዮን ከሚለው ጎን ጻፈች። በማግስቱ ተሰርዞ ጠበቃት። ብሩክ የሚባለው አራሚ ከሥሩ «ሽፋኑ የታለ? ደግሞ የገዛ አባትሽን ስም ያለ ማስረጃ ስታስገቢ ምን ይባላል?» ብሎ ጽፎላታል። ሰውን ሁሉ የምትጠረጥረው ልጅ ተጠርጥራ አታውቅም ነበርና ፊቷ ጋለ። ብሩክ ደግሞ ልክ ነው፤ እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ትሰርዘው ነበር። ይበልጥ ያንገበገባት ይሄ ነው።

አባቷ ሌላ ምስክር አልተወም። አኮርዲዮን ይዞ የተነሳው ፎቶ የለ፣ አብሮት የተጫወተ ወዳጅ በሕይወት የለ። ስሙ ከዚያ ሽፋን ላይ ካልተገኘ አብነት ላይ በጆሮዋ የሰማችው ነገር ከከረሜላው ጋር ሟምቶ የቀረ ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ካሴቱን ያሳተመው ሰው ጋ ሄደች።

ጋሽ አስናቀው መርካቶ ውስጥ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሙዚቃ ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል፤ ካሴቶቹ ግን ቆጡ ላይ እንደተደረደሩ አሉ። ሱሀይር ሥራዋን አስረድታ ካሴቶቹን ለማየት ፈቃድ ጠየቀች።

«ስምሽ ማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሱሀይር።»

«የማን ልጅ?»

«የፈርሀት።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፤ አድርገው ደግሞ አዩዋት። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ መሰላሉን ወደ ቆጡ አስደገፉላት።

ይሄ ራሱ ሱሀይርን ከነከናት። መርካቶ ውስጥ ማን ነው ለማያውቀው ሰው ዕቃ ቤቱን ወለል አድርጎ የሚከፍት? መታወቂያሽን አሳዪ ይባላል፣ ማን ላከሽ ይባላል፤ ቢያንስ ከግብር መሥሪያ ቤት ነሽ ወይ ተብሎ ይጠረጠራል። ቆጡ ላይ ከወጣች በኋላ ድምፅዋን ቀለል አድርጋ ወደ ታች ጠየቀች።

«ጋሼ፣ የማሙሸትስ የትኛው ጋ ነው?»

«የማሙሸት አልቋል። ድሮ ነው ያለቀ» አሉ፤ ጥያቄው አፏ ላይ እያለ።

በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ካሴቱን ታወርዳለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ ሽፋኑን ፎቶ ታነሳለች፣ ትመዘግባለች። ሽማግሌው ሻይ ያስመጡላታል፤ ሻዩንም በጥርጣሬ ነው የምትጠጣው። መሰላሉን ወርዳ ቻው ብላ ገና በሩን ሳታልፍ ስልካቸውን እንደሚያነሱ ልብ አለች። አንድ ቀን የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ በሩ ሥር ቆየች።

«ሄደች» ይላሉ ጋሽ አስናቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አይ፣ ገና ናት። አላገኘችውም።»

አለ ማለት ነው! አለ፤ ደብቀውታል፤ ከሆነ ሰው ጋር ሆነው እየተጠባበቋት ነው።

በማግስቱ ካሴቶቹን ትታ ቆጡን መበርበር ጀመረች። ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ከተበላሹ ቴፖች ጀርባ አንድ ካርቶን አገኘች። ሌላው ሁሉ በሲባጎ ሲታሰር ይሄኛው ብቻ በቀጭን የጨርቅ ቅዳጅ ነው የታሰረው። ቋጠሮው ጠንቷል፤ በጥርሷ ፈታችው። ከውስጥ አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው ካሴቶች ጢም ብለዋል። ማሙሸት የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ ፈገግ ብሏል።

አንዱን ሽፋን ከመያዣው አወጣችና ታጥፎ የነበረውን ዘረጋችው። ክራር ይላል፣ የክራር መቺው ስም አለ። ከበሮ ይላል፣ የከበሮ መቺው ስም አለ። አኮርዲዮን ይላል፤ ከጎኑ ስም የለም። ስሙ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል።

ሁለተኛውን አወጣች፤ ወረቀት። ሦስተኛውን፤ ወረቀት። ካርቶኑን እስከ ታች ገለበጠችው። አንድም ያልተሸፈነ የለም።

ልታለቅስ ነበር፤ ንዴት ስለቀደማት እንባው ቀረ። ላፕቶፗን ከፈተችና ሕጉ እንደሚያዘው ያየችውን እንዳለ ጻፈች፦ «ከአኮርዲዮን ቀጥሎ ያለው ስም በተለጠፈ ነጭ ወረቀት ተሸፍኗል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው።» ከዚያ ጥፍሯን ከወረቀቱ ሥር ሰደደች።

«እጅሽን አንሺ!»

ጋሽ አስናቀው በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን መቼ እንደወጡት አላየችም። ጭንቅላታቸው ብቻ በቆጡ አፍ ላይ ብቅ ብሏል።

«እንዳትልጪው ነው የምልሽ።»

«ማን ነው የሸፈነው?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ሱቁ የእርስዎ፣ ካሴቱ የእርስዎ፣ አልቋል ያሉኝም እርስዎ! ታዲያ ማን ይሁን?»

«ልጄ» አሉ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ቃል ያለበት ሰው አታስጨንቂ። የኔ ቢሆን ድሮ ነግሬሽ ነበር።»

ሱሀይር ሽፋኖቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ተነሳች። ደህና ዋሉ እንኳ አላለቻቸውም። ከበሩ እንደወጣች ግን እግሯ አልሄድ አላት። ጆሮዋን ወደ ውስጥ ጣል አደረገች።

«አገኘችው» ይላሉ ሽማግሌው። «ምን ላድርግ ታዲያ? አንቺ ንገሪያት እንጂ! እኔ ቃል አለብኝ።»

አንቺ! ሴት ናት። ሱሀይር በምን አለሽ ተራ አድርጋ ስትሄድ፣ በርሜል የሚቀጠቅጡት ሰዎች መዶሻ ጭንቅላቷ ውስጥ እየጮኸ፣ ክሱን ደረጃ በደረጃ ገነባችው። ሴትየዋ የማሙሸት ሚስት ትሆናለች። ወይም የሌላ አኮርዲዮን ተጫዋች ሚስት። ፈርሀት የተባለ ምስኪን ልጅ መጥቶ ይጫወታል፤ ካሴቱ ሲያምር ስሙን ይሸፍኑና ሙገሳውን ለሌላ ይሰጡታል። ለዚህ ነዋ አባቷ እንደ ሌባ ዙሪያውን እያየ የነገራት! ለዚህ ነዋ ዕድሜ ልኩን ዝም ያለው! ጋሽ አስናቀውን ጠላቻቸው። ያጠጧትን ሻይ ሁሉ ጠላችው።

ጨርቅ ተራ ስትደርስ ሰው ስለበዛ ቆማ ስልኳን አወጣችና አንዱን ፎቶ አጎላችው። የወረቀቱ ጠርዝ በእጅ የተቀደደ አይደለም፤ እኩል እኩል የሆነ ጥርስ አለው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጥርሱ ጎድሎ ጠርዙ ዝርግ ይላል። ወደ ሌላው ፎቶ አለፈች፤ እዚያም አንድ ጥርስ ጎድሏል። ሦስተኛውም እንደዚያው ነው።

ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ካለው ሱቅ የጨርቅ ናሙናዎች ካርቶን ላይ ተለጥፈው ተንጠልጥለዋል። ክሩ እንዳይተረተር ጠርዛቸው በጥርሳም መቀስ ተቆርጧል።

ሱሀይር እንዲህ ዓይነት መቀስ ታውቃለች። ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራር ጋር፣ ቤታቸው ተቀምጧል። የእናቷ የሰአዳ ነው። ሰአዳ በልጅነቷ በአባቷ በሐጂ ባህረዲን ጨርቅ ሱቅ ናሙና የምትቆርጠውና የምትለጥፈው እሷ ነበረች። ሽቦ ልትቆርጥበት ሞክራ አንዱን ጥርስ ሰብራው ሐጂ እንዴት እንደተቆጧት ለልጆቿ ስንቴ ነግራቸው ስቀዋል።

እንዴት ቤት እንደደረሰች አታውቅም። እናቷ ከውስጥ ትሰግዳለች። ሱሀይር ቆርቆሮውን ከፈተች፣ መቀሱን አነሳች፣ ያገኘችውን ወረቀት ቆረጠችና ከስልኳ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። ጥርሱ ያው ነው። የጎደለውም ያው ነው። ሰው ሁሉ ተጠርጥሮ አልቆ የቀረችው አንዲት ሰው የገዛ እናቷ ሆነች።

ሰአዳ ሰላቷን ጨርሳ ስትወጣ መቀሱን አየች፤ ወረቀቱን አየች። በእጇ የያዘችውን ስልክ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሽ አስናቀው ጋ ስትደውዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለች ሱሀይር።

«እሳቸው ናቸው የሚደውሉልኝ።»

«የአባዬን ስም የሸፈንሽውም አንቺ ነሽ።»

«አብረን ነው» አለች እናቷ፤ ተቀመጠች። «እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ኮላ ይቀባል።»

ከዚያ ነገረቻት። ሐጂ ባህረዲን ለሙዚቀኛ ልጄን አልሰጥም ብለው የማሉ ሰው ነበሩ። ፈርሀት ሽማግሌ ሊልክ ሲል እንደ ወጉ የሴቲቱ ወገን ያጠያይቃል፤ ያውም መርካቶ ውስጥ፣ ከሱቅ ሱቅ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል፣ ከማን ጋር ይውላል እየተባለ። እንዲያ ሲጠያየቅ ደግሞ የማሙሸት ካሴት ከነስሙ ታትሞ፣ ገና ሳይከፋፈል ጋሽ አስናቀው ሱቅ ተቆልሏል። ሁለቱ መቀሱንና ኮላውን ይዘው ሄዱ። የሽፋን ዓይነት አንድ ሳያስቀሩ ለጠፉበት። የሐጂ ሰው መጥቶ ሽፋኑን አገላብጦ ይሄ ምንድን ነው ሲል፣ ጋሽ አስናቀው ማተሚያ ቤቱ ስም ተሳስቶ ነው ብለው ሸኙት። ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካህ ታሰረ፣ ፈርሀት የአማቱ ሱቅ ገብቶ ጨርቅ መለካት ጀመረ።

«አንዱን ካርቶን ግን እንዳይሸጡት አደራ አልን» አለች ሰአዳ። «አባቴ ልባቸው ሲራራ መጥተን እንልጠዋለን ብለን። ያሰርኩትም እኔ ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜ ጠገቡ፤ ልባቸውም አልራራ። እሳቸው ሲያልፉ እኛ አራት ልጅ አድርሰናል። አባትሽ እንልጠው ብሎኝ አያውቅም። እኔም ልላጠው ብዬው አላውቅም። የረሳው መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ። አንድ ቀን ስለ ሙዚቃ አንስቶ ቢሆን...»

ሱሀይር መናገር ፈልጋ አፏን ያዘች። ከዚያ ለዓመታት የጠበቀችውን ቃል አፈረሰችው። አብነትን ነገረቻት። ሳይገባባቸው ያለፉትን ታክሲዎች፣ በጆሮዋ ያላትን፣ ከረሜላውን ነገረቻት።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ።»

ሰአዳ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ባሏ አልረሳም ነበር። እሷ እንዳታዝን ብሎ፣ ከገዛ ልጁ ጋር እንኳ ተማምሎ፣ ያን ያህል ዘመን ደብቆላታል። ሱሀይር እናቷን ልትጠይቃት ያሰበችው ክፉ ክፉ ነገር ሁሉ ጠፋባት። አባቷን ስሙን የነጠቀው ሌባ አልነበረም። ስሙን ሰጥቶ ይህችን ሴትዮ አግኝቷል፤ ከዚህች ሴትዮ ደግሞ እሷን። ቁራጭ ወረቀቱ ባይለጠፍ ኖሮ ሽፋኑን ፍለጋ ቆጥ የምትወጣ ሱሀይር አትኖርም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ተያይዘው ሄዱ። ጋሽ አስናቀው ሰአዳን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሱሀይር ዓይናቸውን ማየት አፍራ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» ስትላቸው «ለምኑ? ሻዩን እንኳ በደንብ ሳትጠጪልኝ» አሏት። መሰላሉን ወጥታ ካርቶኑን አወረደችው። የስልክ መሸፈኛዎቹን ወደ ጎን ገፍተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

ሰአዳ ከቦርሳዋ እርጥብ ጨርቅ አወጣች። ከቤት ነው አርሳ የመጣችው። ጨርቁን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ በአውራ ጣቷ ይዛ ቆየች፣ ልክ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደምትይዝ። የድሮ ኮላ ነው፤ ቀስ እያለ ለቀቀ። ጥርሳሟን ወረቀት ከጥግ ይዛ ሳበቻት፤ ሳትቀደድ ተነሳች።

አኮርዲዮን ከሚለው ጎን ያለው ቀለም ትንሽ ደብዝዟል። ይነበባል ግን። ፈርሀት።

ውጭ ተሸካሚው ሁሉ «መንገድ! መንገድ!» ይላል። ሰአዳ ሽፋኑን ወደ ልጇ ገፋችው።

«በይ፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን እንዳለ ነው አይደል የምትጽፉት? ጻፊ።»

ሱሀይር ፎቶ አነሳች። ጣቶቿ ፊደል እየሳቱባት ጻፈችው። ማስታወሻው ላይ ስሙ በወረቀት ተሸፍኖ እንደነበረና ወረቀቱን ከለጠፉት ሁለት ሰዎች አንዷ ራሷ እንደላጠችው ጨመረች። ጥቂት ቆይቶ ብሩክ አንዲት ቃል ላከላት፤ «ጸድቋል» ትላለች። ስልኳን ለእናቷ አሳየቻት።

ሰአዳ ስልኩን አየት አድርጋ ሁለተኛውን ካሴት ከካርቶኑ አወጣች፤ ሽፋኑን ዘርግታ እርጥቡን ጨርቅ አሳረፈችበት።

«አንድ ይበቃል እኮ እማዬ» አለች ሱሀይር።

«ለአንቺ ይበቃል» አለች እናቷ፤ ሦስተኛውንም ወደ ራሷ አስጠጋችው።